ሳሎኑ ጠባብ፣ ኪሱም ጠባብ፤ ድምፁ ግን ዙሪያ ገብ

ለቤት ሲኒማ የሚወጣ ብር የሚመልሰው የካርቶኑ ቁጥር ሳይሆን የግዢው ቅደም ተከተል ነው

ዕቁብ የሚወጣለት ሰው ገንዘቡን እጁ ሳያስገባ በሐሳቡ ሦስትና አራት ጊዜ ያወጣዋል። አንዴ በቆርቆሮ ይለውጠዋል፣ አንዴ በፍየል፣ አንዴ ደግሞ በልጆች ልብስና ደብተር። የቤቱ ወጣቶች ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ “ሆም ቴአትር ይገዛልን” ይላሉ።

በደቡብ ጎንደር ዞን በእብናት ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛን በምሳሌነት እንውሰድ። የጭቃ ቤቱ ሳሎን 3 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ነው። ቡፌው ላይ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ አለው። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን የቀጠነ ነው። ይህም የሆነው ቴሌቪዥኖች እየሳሱ በሄዱ ቁጥር የውስጥ ስፒከራቸው አብሮ ስላነሰና ፊቱም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለዞረ ነው። በመሆኑም ተመልካቹ የፊልሙን ዝናብ ያያል እንጂ ዝናቡ ውስጥ አይቀመጥም።

ይህ ሰው የዕቁቡን ገንዘብ ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ቢወጣ በየሱቁ የሚያገኘው ትልልቅ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ነው። ስድስት ስፒከር፣ “5.1”፣ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠር ዋት። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ የሚመለሰው በሚቀጥለው ዙር ነው። ስለዚህ ጥያቄው “የትኛው ካርቶን ይሻላል?” ሳይሆን “በቅድሚያ መገዛት ያለበት ምንድን ነው? መገዛት የሌለበትስ?” የሚል መሆን ይኖርበታል። መልሱ ብዙዎችን ሊያስገርም ይችላል። ለጠባብ ሳሎን ዙሪያ ገብ ድምፅ የሚያስፈልገው ዕቃ ገበያው ከሚያቀርበው ያነሰ ነው፤ ከሥራው ግማሽ ያህሉም ገንዘብ አይጠይቅም።

ምንዛሪው ሲወጣ

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የፈቀደው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። በዋዜማው አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ 2017 ዓ.ም. ሳይጋመስም 120 ብርን ተሻገረ። ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር የወጣበትን የ1985 ዓ.ም. ለውጥ የሚያስታውሱ ነጋዴዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደሉም።

በሸማቹ ቋንቋ ሲሰላ በውጭ አገር 100 ዶላር የሚያወጣ የድምፅ መሣሪያ በባንክ ተመን ከ5,700 ብር ወደ 12,000 ብር ወጣ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ቀደም ሲልም ብዙ አስመጪ ዋጋውን የሚያሰላው በትይዩ ገበያው ተመን ስለነበረ የሱቁ ዋጋ በዚሁ ልክ ወዲያውኑ እጥፍ ሆነ ለማለት አይቻልም። አቅጣጫው ግን አያከራክርም።

ከምንዛሪው ሌላ ታክስ አለ። የጉምሩክ ቀረጡንና ሌሎች ክፍያዎችን ለጊዜው ትተን 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶውን ሱር ታክስ ብቻ ብናስብ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ የ10,000 ብር ዕቃ 12,650 ብር ይሆናል። የአስመጪው፣ የጅምላ ነጋዴውና የቸርቻሪው ትርፍ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚያም መንገዱ አለ። ከመርካቶ የተነሳ ካርቶን በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ በደብረ ታቦር ወይም በአዲስ ዘመን በኩል እብናት ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የመንገድ መዘጋትና የጭነት መዘግየት የነጋዴው የዘወትር ሥጋት ሆኗል። ይህ ሁሉ በዋጋው ላይ ያርፋል።

ገዢው የሚዘነጋው ግን ሌላ ወጪ አለ፤ እሱም የብልሽት ወጪ ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘ ሆም ቴአትር የዲስክ ማጫወቻው፣ ማጉያውና መቆጣጠሪያው በአንድ ሣጥን የተዘጋ ነው። ከውስጡ አንዲት ክፍል ብትበላሽ ስድስቱም ስፒከሮች ሥራ ይፈታሉ። አንዳንዶቹም የራሳቸው ልዩ መሰኪያ ያላቸው ወይም ከተለመደው ያነሰ 3 ኦም ስለሆኑ ከሌላ ማጉያ ጋር ለማቀናጀት ያስቸግራሉ። ማጉያውን ለብቻ፣ ስፒከሩን ለብቻ የገዛ ሰው ግን አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ያስጠግናል። ዋስትና አለ ቢባል እንኳ ዕቃውን ወደ ገዙበት ከተማ መልሶ መውሰድ ሌላ የትራንስፖርት ሒሳብ ነው።

“ዋት” የሚሉት ነገር

በገበያው ውስጥ ሸማቹን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የዋት ቁጥር ነው። በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ካርቶን ላይ የሚታየው “ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.” የሚባል አለካክ ወጥ መስፈርት የሌለው፣ አምራቹ እንደፈለገ የሚያሳብጠው ነው። ሊታመን የሚገባው መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያመለክተው “አር.ኤም.ኤስ.” የሚባለው ቁጥር ነው።

እሱም ካልተጻፈ ገዢው አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለው። መሣሪያውን አዙሮ ከኋላው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ማንበብ ነው። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ለስፒከሩ ያለማቋረጥ 1,000 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ያልተቀበለውን ከየት ያመጣዋል? ከሚወስደውም ውስጥ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ለጠባብ ሳሎን ደግሞ ብዙ ዋት አያስፈልግም። አንድ የተለመደ የቤት ስፒከር በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ከመደበኛ የሰው ንግግር እጅግ የጎላ ነው። ኃይሉ 10 ጊዜ ሲያድግ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮም ይህን “እጥፍ ሆነ” ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከ10 ዋት ወደ 100 ዋት ለመሄድ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ድምፁ አንድ ጊዜ እጥፍ መሆኑን ብቻ ነው። እውነተኛ 20 ወይም 30 ዋት ያለው ማጉያ ለዚህ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ለድንኳንና ለሠርግ የሚሆነው ሞንታርቦ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለባዶ ወንበር መክፈል

ሁለተኛው ጥያቄ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ነው። “5.1” ማለት ከፊት ሦስት፣ ከጎንና ከኋላ ሁለት፣ እንዲሁም ለጎርናናው ድምፅ አንድ ዎፈር ማለት ነው። ሥርዓቱ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ፊልሙ ራሱ ስድስት የተለያዩ ቻናሎች ተቀርጸውበት ሲመጣ ነው። ኦሪጅናል ዲቪዲና ብሉ ሬይ ዲስኮች፣ እንዲሁም አንዳንድ በኢንተርኔት የሚከፈልባቸው ስርጭቶች ይህን ይዘው ይመጣሉ።

በእብናት ሳሎን ውስጥ የሚታየውስ? የአገር ውስጥ የዲሽ ጣቢያዎች፣ የአማርኛ ድራማዎችና የትርጉም ተከታታይ ፊልሞች በአብዛኛው የሚተላለፉት በሁለት ቻናል፣ በስቴሪዮ ነው። በፍላሽ የሚጫኑ ፊልሞችም መጠናቸው እንዲያንስ ሲጨመቁ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ቻናል ይወርዳሉ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ለስድስት ስፒከር መስጠት ሁለት እንግዳ ለተጠራበት ቤት ስድስት ወንበር እንደመከራየት ነው። ከኋላ ያሉት ስፒከሮች ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ የፊቱን ይደግማሉ።

ዓለምም ይህን ስህተት ከዚህ በፊት ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካና የጃፓን ኩባንያዎች “ኳድራፎኒክ” የሚባል ባለ አራት ቻናል የሙዚቃ መሣሪያ ለገበያ አቅርበው ነበር። እርስ በርሳቸው የማይግባቡ ሦስትና አራት ዓይነት አሠራሮች ተፎካከሩ፣ የሸክላው ምርጫም ጠባብ ሆነ። ሸማቹ ግራ ተጋብቶ ወደ ሁለት ስፒከሩ ተመለሰ። የዶልቢ ኩባንያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1982 “ዶልቢ ሰራውንድ”ን፣ በ1987 ደግሞ “ፕሮ ሎጂክ”ን ለቤት ሲያቀርብ የኋላውን ድምፅ በተራው ሁለት ቻናል ውስጥ አጥፎ የሚያስገባ ዘዴ ተጠቀመ። ሰው ያለውን ቪዲዮ ማጫወቻ ሳይጥል ተጨማሪ ጥቅም አገኘ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሸማቹን የሚጠቅመው በእጁ ካለው ምንጭ ጋር የሚሄድ ዕቃ ነው።

ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ

የጎንደርና የጋይንት አካባቢ ሰው የድምፅን አቅጣጫ ለመረዳት የውጭ መጽሐፍ አያሻውም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ቀኝና ግራ ሆነው ይቆማሉ፣ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ ይመራሉ። ከአለቃ ገብረ ሐና ስም ጋር የሚነሳው ተክሌ አቋቋምም ሆነ ሌላው፣ ዜማው ከአንዱ ወገን ተነስቶ በሌላው ይመለሳል። በሁለቱ መሐል የቆመ ሰው ድምፁ ሲሻገር ይሰማዋል። ከአንደኛው ወገን ተጠግቶ የቆመ ግን የዚያኑ ወገን ብቻ ያደምጣል።

ሳሎን ውስጥም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ 2 ሜትር ያህል ተራርቀው ሲቀመጡ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ርቆ ሊቀመጥ ይገባል። ሦስቱ ነጥቦች እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዚህ ያወጣው መመሪያም የፊት ስፒከሮቹ ከመሐል መስመር 30 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ እንዲሆኑ ይመክራል። የኋላ የሚባሉት በእውነቱ ከጆሮ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ያሉ ናቸው። በሶፋው ጀርባ ተደብቀው የሚቀመጡ አይደሉም።

ለትክክለኛው ቦታ ምክንያት አለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለአንድ ሜትር 3 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ይዞ “ከዚህ መጣ” ብሎ ይፈርዳል። ለግራው ስፒከር በጣም የቀረበ ሰው ሁሉም ነገር ከግራ የሚመጣ ይመስለዋል። ብዙ ቤተሰብ ተደርድሮ የሚያይ ከሆነ ይህ ችግር ሊፈጥር ይችላል፤ የመሐል ስፒከር የተፈለሰፈውም ንግግሩን ከስክሪኑ ላይ ለማሰር ነው። ይሁን እንጂ በ3 ሜትር ተኩል ሳሎን ሁለቱ ስፒከሮች በወጉ ከተቀመጡ ንግግሩ ያለ ሦስተኛ ከመሐል የመጣ ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዜና አንባቢዋ ስትናገር ድምጿ ከአፏ የወጣ ከመሰለ አቀማመጡ ተስተካክሏል።

ከፍታውም ቁም ነገር ነው። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስፒከሩን ቁም ሣጥን አናት ላይ መስቀል ድምፁን ለኮርኒሱ መስጠት ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል የግድ ከሆነ ምስማሩ ቋሚውን ወይም ማገሩን ማግኘት አለበት፤ ጭቃው ብቻውን ክብደቱን አይሸከምም።

ግድግዳው፣ መጋረጃውና ቡፌው

ከገንዘብ በፊት የሚሠራው ሥራ ክፍሉን ማስተካከል ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር ንግግሩ ይደበላለቃል። የጭቃ ቤት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ግድግዳው የዚያን ያህል አይመልስም፣ የአቡጀዲ ኮርኒስም ድምፅን በከፊል ይውጣል። በሁለቱም ዓይነት ቤት ወፍራም መጋረጃ፣ በተመልካቹና በቴሌቪዥኑ መካከል የተነጠፈ ምንጣፍና ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ከአንድ ተጨማሪ ስፒከር የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ እነዚህን ዕቃዎች ቀድሞውኑ አሉት፤ የሚቀረው ቦታ ማለዋወጥ ነው።

የጎርናናው ድምፅ ባሕርይ ለየት ይላል። 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ ገደማ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ያብጣል። ዎፈሩ ማዕዘን ላይ ሲገፋ ደግሞ ይብስበታል። አንዳንዱ ሰው “ኃይለኛ ነው” ብሎ የሚደሰትበት ጉምጉምታ በእውነቱ የክፍሉ ጩኸት ነው። መድኃኒቱ ያለ ወጪ ነው። ዎፈሩን ተመልካቹ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጦ ከበሮ ያለበት ሙዚቃ መክፈት፣ ከዚያ ክፍሉን ዞሮ ወደ ወለሉ ጎንበስ እያሉ ማዳመጥ ነው። ከበሮው ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የዎፈሩ ቦታ ነው።

ቡፌው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎችም የራሳቸው “ስፒከር” ናቸው። ስፒከር ከብርጭቆ ጋር በአንድ መደርደሪያ ከተቀመጠ መንቀጥቀጡ ከፊልሙ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ስፒከሩን ከቡፌው አውርዶ በጠንካራ በርጩማ ላይ ማድረግ፣ ከሥሩም ወፍራም ጎማ ወይም የታጠፈ ጨርቅ መጣል ይበቃል። በክረምት ቆርቆሮ ላይ ለሚወርደው ዝናብ ግን መፍትሔ የለውም፤ ያን ሰዓት ለማሸነፍ ብሎ ትልቅ ማጉያ መግዛትም ኪሳራ ነው።

ሁለት አሮጌ ስፒከር ከኋላ

አሁን ወደ ዙሪያ ገቡ ድምፅ እንምጣ። ዴቪድ ሃፍለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ የዳይናኮ ኩባንያ መሥራች፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ያስተዋወቀው አንድ ዘዴ አለ። ተጨማሪ ማጉያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው የስቴሪዮ ማጉያ፣ ከተበላሸ ቴፕ የተረፉ ሁለት ስፒከሮችና ሽቦ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊት ስፒከሮች እንደ ወትሮው ይገናኛሉ። ከዚያ የኋላው ግራ ስፒከር ቀይ ጫፍ ከማጉያው የግራ ቀይ ጫፍ፣ የኋላው ቀኝ ስፒከር ቀይ ጫፍ ደግሞ ከማጉያው የቀኝ ቀይ ጫፍ ጋር ይያያዛል። የሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ጥቁር ጫፎች እርስ በርሳቸው ይታሰራሉ እንጂ ወደ ማጉያው አይመለሱም። በዚህ ግንኙነት የኋላዎቹ የሚያሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን እኩል የሆነው ንግግር እርስ በርሱ ተጣፍቶ ከኋላ ይጠፋል። የሚቀረው የአዳራሹ ማስተጋባት፣ የሕዝቡ ጭብጨባ፣ የነፋሱና የዝናቡ ድምፅ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የዶልቢ ዘዴ የኋላውን ድምፅ ያጠፈው በዚሁ ልዩነት ውስጥ ስለሆነ በዚያ ዘዴ በተቀረጹ ፊልሞች ላይ ጥቅሙ ይጎላል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን የግድ ናቸው። አንደኛ፣ ዘዴው የሚሠራው ሁለቱ ጥቁር ጫፎች በውስጥ አንድ በሆኑበት ማጉያ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ትንንሽ ዲጂታል ማጉያዎች እንዲህ አይደሉም፤ በእነሱ ላይ ቢሞከር ማጉያው ሊቃጠል ይችላል። ጠጋኙ ማጉያው ጠፍቶ፣ ስፒከሮቹም ተነቅለው ሳለ ሁለቱን ጥቁር ጫፎች በቴስተር ሲለካ ንባቡ ዜሮ ኦም ገደማ መሆን አለበት። ካልሆነ ይተው። ሁለተኛ፣ አራቱም ስፒከሮች 8 ኦም፣ ማጉያው ደግሞ እስከ 4 ኦም የሚችል ይሁን። ሦስተኛ፣ የቀይና የጥቁሩ አቅጣጫ እንዳይምታታ ነው። ምልክቱ የጠፋበትን ስፒከር ለመለየት ከማጉያው ነቅሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ማስነካት ይበቃል። የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው።

ለሽቦም “ልዩ የስፒከር ገመድ” እየተባለ የሚጠየቀውን ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የተለመደ የመዳብ ሽቦ በ8 ሜትር ርቀት ደርሶ መልሱ 0.19 ኦም ያህል ብቻ ይዟል። ይህ ከ8 ኦም ስፒከር አንጻር ኢምንት ነው።

አሮጌ ስፒከር የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ያይ። በሸራው ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ ይፈረፍራል ወይ? ሸራው ቀስ ተብሎ ሲገፋ ይፋቃል ወይ? በቴስተር ሲለካስ 8 ኦም የተባለው 6 ኦም አካባቢ ያነባል ወይ? ጎማ ጠርዝ ያለው ከስፖንጁ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

መብራትና ጎረቤት

የመብራት ሒሳብ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ፍርሃቱ ግን ከልክ ያለፈ ነው። በአማካይ 40 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በቀን 3 ሰዓት፣ ለ30 ቀን ቢከፈት 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የወሩ ሲኒማ ከአንድ ጋገራ አይበልጥም።

አደጋው ሒሳቡ ሳይሆን የመብራቱ መቆራረጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ የማጉያን ኃይል ሰጪ ክፍል ያቃጥላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ተመልሶ ሲረጋም መሰካት ያስፈልጋል። ከበጀቱ ከተረፈ ስታቢላይዘር ከተጨማሪ ዎፈር ይቅደም።

ጎረቤትም መረሳት የለበትም። የጎርናናው ድምፅ በጭቃ ግድግዳ ያልፋል። በሠፈሩ ለቅሶ ሲኖር፣ ሌሊትም ሲገፋ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ዎፈሩ ነው። ንግግሩ ሳይጠፋ ግድግዳው ያርፋል።

ቅደም ተከተሉ

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ የዕቁቡን ገንዘብ የያዘው የእብናት ነዋሪ እንዲህ ሊጓዝ ይችላል።

በመጀመሪያ አንድም ብር ሳያወጣ ሶፋውን፣ ምንጣፉንና መጋረጃውን ያስተካክል፤ ቴሌቪዥኑን የክፍሉ አጭር ግድግዳ መሐል ላይ ያድርግ። ሁለተኛ፣ አብዛኛውን በጀት በሁለት ደህና የፊት ስፒከሮችና እውነተኛ ዋት ባለው የስቴሪዮ ማጉያ ላይ ያውል። ከመግዛቱ በፊትም የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይመልከት። ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ ከሌለውና የኦፕቲካል መውጫ ብቻ ካለው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የምትለውጥ ትንሽ ዕቃ መጨመር ይኖርበታል። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ሰው ዕቃውን ቤት ካደረሰ በኋላ ተመልሶ ወደ ገበያ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ አንድ ሁለት ወር አዳምጦ ማጉያው የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱን አሮጌ ስፒከሮች ከጎንና ከኋላ ይጨምር። አራተኛ፣ የከበሮው ድምፅ አነሰኝ ካለ የራሱ ማጉያ ያለው ዎፈር ያስከትል። ሙሉው “5.1” የሚመጣው ባለ ስድስት ቻናል ፊልም በብዛት ማየት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜም ስፒከሮቹና ሽቦዎቹ ያገለግላሉ እንጂ አይጣሉም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በዚህ አካሄድ አንዱ ትርፍ ገንዘቡ በአንድ ቀን አለመውጣቱ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው የሚሰማ ለውጥ ስላለው ቤተሰቡ በየትኛውም ደረጃ ላይ “ይበቃናል” ብሎ ሊያቆም ይችላል። ካርቶኑን የገዛ ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ የማይጠቀምባቸውን አራት ስፒከሮች ዋጋ አስቀድሞ በዶላር ተመን፣ በታክስና በጭነት ከፍሏል።

ሁለተኛው ትርፍ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። ለአዲሱ ካርቶን ከሚከፈለው ብር ብዙው ወደ ውጭ ምንዛሪ ይለወጣል። ለአሮጌው ስፒከር ጥገና፣ ለሽቦው ሥራና ስፒከሩ ለሚቀመጥበት በርጩማ የሚከፈለው ግን ከሠፈሩ ጠጋኝና ከአናጢው እጅ ይገባል። ጠጋኙ ሥራ ካገኘ ሱቁን አይዘጋም፤ በሚቀጥለው ክረምት መብራት ማጉያውን ቢያቃጥለውም ዕቃውን ባሕር ዳር ድረስ መጫን አያስፈልግም።

በልጆቹ ደብተርና በሆም ቴአትሩ መካከል የነበረው ክርክርም በዚሁ ይረግባል። ከዕቁቡ ገንዘብ ለድምፁ የሚበቃው ክፍል ተቆርጦ የቀረው ለደብተሩ ይተርፋል።